ባለ በረዶው ጣሳ

«ቁራሌው!» እላለሁ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣
ድምፄ ከብሎክ ብሎክ ሲላተም፣ ሲንሳፈፍ።
የሰው ገና ሲያልቅ የኔ ገና፣ ገና ነው፤
ከጠርሙሱ ጋራ ጣሳው የሚወጣው።

ምናለሽ ተራ ያለው ሚዛን ዕውር ነው፤
ጣዎስም ጫንበት፣ ንጉሥም ጫንበት፣
ኪሎውን ነው የሚያየው።
እኔን ግን ሥዕሉ ያንበረክከኛል፣
ሸጬ ልብላው ስለው ጣቴ እምቢ ይለኛል።

ጣዎስ አለኝ አንድ፣ ጅራቱን የዘራ፤
ቀይ ኮት የለበሰ ዘበኛ በተራ፣
ቆቡ እንደ ንብ ቀፎ፣ ማር የማያፈራ፤
ሎሚ ያቀፈች ልጅ፣ ዝገት የበላት ዓይኗን፤
አሥራ አንድ ደረሱ፣ አልሸጥኩም አንዷን።

ደብሪቱ ትስቃለች፣ ስትቆጣም ትስቃለች፤
«ከላይ ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል፣
ባሌ የአልጋ ሥሩን ይሰበስባል» ትላለች።

ያን ዕለት፣ ከብሎክ ሁለት መቶ ሰባት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐምራዊ መጋረጃ ካለበት፣
ወይዘሮ ጥሩአየሁ ፌስታል ይዘው ወረዱ፤
ሁለት ጄሪካን፣ አንድ ድስት፣ ጆሮ የሌለው ካንዱ፣
ከሥር ደግሞ ጣሳ፦ ጣሪያው የነጣ ቤት፣
ፈረስ የሚስበው ጋሪ፣ ሰው ያልተሳፈረበት።
«ሠላሳ ብር» አልኩኝ። «ውሰደው» አሉኝ፤ አልተከራከሩም።
(የማይከራከር ሻጭ ያስፈራኛል፣ ሁሌም።)

ማታ መብራት ሄዶ በስልክ ብርሃን አየነው፤
«ጣሪያው ላይ ዱቄት ነው የደፉበት፣ ወይስ ጥጥ ነው?»
«በረዶ ነው» አልኳት።
«ይሄን ያህል በረዶ
እንዴት አላፈረሰው፣ ቆርቆሮውን ቀዶ?»

ክዳኑን በማንኪያ ጫፍ ታግለን ከፈትነው፤
ብስኩት የለም። ክር፣ ቁልፍ፣ መርፌ፣ እሱንማ ለምደነው።
ከታች ግን፣ ከተጨማደደው ነጭ ወረቀት ሥር፣
አንዲት የወተት ጥርስ፣ በፕላስተር ታሽጋ፣
ከጎኗም በእስክሪፕቶ፦
«የናኦድ፣ የመጀመሪያዋ።
ጣሪያ ሲኖረን ትወረወራለች።»

ደብሪቱ ሳቋን ዋጠች።

አወይ ኮንዶሚኒየም! ከራስህ በላይ የሰው ወለል፣
ከሰውየው በላይ ሌላ ሰው፤ ጥርስ ወዴት ይጣል?

በጠዋት ልመልስ ስነሣ፣ በሩ ላይ ቆመች፤
«የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» አለች።
ዳቦ ቆሎ ሞላችው፣ ክዳኑ እምቢ እስኪል ድረስ፤
በመሐረብ ቋጠረች፣ ለብቻዋ፣ ያቺን ጥርስ።

ደረጃውን ወጣሁ ድምፄን ዘግቼ፤
(ዝም ያለ ቁራሌ ሌባ ይመስላል፤
ዘበኛውን ያለፍኩት መታወቂያ አውጥቼ።)
ወይዘሮ ጥሩአየሁ መሐረቡን ፈተው አዩ፤
እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ፤ እንደዚያው ቆዩ።
«የክር ጣሳ መስሎኝ...» ከዚያ ቀስ ብለው፦
«ጽሕፈቱ ያባቱ ነው።»
ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅሁም።

ናኦድ ከጀርባቸው ብቅ አለ፣ ሰባት ዓመቱ፤
ሲስቅ በሩ የወለቀ ቤት ይመስላል ፊቱ።
«ጋሼ፣ ቤትህ ጣሪያ አለው?»
«አለው፤ ግን ያፈሳል።»
«ያፍስስ! ጥርሴ ምን ይሆናል?»

ቅዳሜ መጡ በባጃጅ፣ እናትና ልጅ፣ ከኛ መንደር፣
ኮብልስቶኑ አልቆ፣ ግንብና የባቄላ ማሳ ከሚገፋፉበት ድንበር።
ጣሳውንም ይዘዋል፤ ብርቱካን ሞልተውት።
ናኦድ ወረወረ፤ ሳተ። ዳቦ ቆሎ መስላት
ዶሮአችን ልትውጣት ስትል፣ ደብሪቱ ቀደመቻት።
በሁለተኛው ቃ! አለ ቆርቆሮው፤
ካንዱ ሸንተረር ገብታ ቀረች፣ ማን ያውቃል ከየትኛው።

ጣሳው ከዚያ ወዲህ ቤት የለውም፤
ፋሲካን እነሱ ጋ፣ እንቁጣጣሽን እኛ ጋ፤
አንድም ቀን ባዶውን አልሄደም።
ሰው ስንት አለህ ሲለኝ፣
«አሥራ አንድ ተኩል» እላለሁ፤
ሰዓት የነገርኩት ይመስለዋል።

ግንቦት ላይ በረዶ ወረደ፣ እንደ ጠጠር፤
ደብሪቱ ባልዲ ስታዞር ከሚያፈሰው ሥር፣
«ስማው» አለችኝ፣ «ጣሪያችን ጥርስ አውጥቷል።»
ጆሮዬን ሰጠሁ።
እውነቷን ነው። ያኝካል።